ቅጥያ ሲናገር፦ በኡዝቤክኛና በእንግሊዝኛ ቃል ምሥረታ ውስጥ አክብሮትን፣ ፍቅርንና ንቀትን ደረጃ በደረጃ መለየት

በታሽከንት አንዲት ልጅ በመስኮት አሻግራ አይታ ለእናቷ «ዳዳምላር ኬልዲላር» ብትላት፣ መዝገበ ቃላት ብቻ የያዘ ተርጓሚ «አባቶቼ መጡ» ብሎ ይጽፋል። የመጡት ግን አንድ አባት ናቸው። «ላር» በኡዝቤክኛ የብዙ ቁጥር ምልክት ነው፤ እዚህ ግን አይቆጥርም፣ ያከብራል። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም ስለ አንድ አባት «አባቴ መጡ» እንላለን፤ ግሡን ለብዙ ሰዎች እንደምናረባው እናረባዋለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ይህን አክብሮት የሚያሳርፍበት ቅጥያ የለውም።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያሉትን ቅጥያዎች ለሚያጠኑ፣ ለሚተረጉሙና ለሚያስተምሩ ሰዎች የተጻፈ ነው። የቃል ምሥረታን በትምህርት ቤት የተማርነው ባብዛኛው እንደ ሒሳብ ነው፤ ሥር ሲደመር ቅጥያ እኩል ይሆናል አዲስ ቃል። እማሬያዊ ፍቺውን፣ ማለትም ቃሉ በቀጥታ የሚሰይመውን፣ ከያዝን በኋላ ፍካሬያዊውን፣ ማለትም አብሮ የሚያመጣውን ስሜትና ምስል፣ እንጨምርና ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ሦስተኛው ነገር፣ ማለትም ቃሉ በተናጋሪና በሰሚ መካከል የሚሠራው ሥራ፣ ሳይነካ ይቀራል። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ሥራ የሚያጠናውን ዘርፍ ፕራግማቲክስ ይሉታል። ምዕላዶች፣ ማለትም ሥርንና ቅጥያን የመሳሰሉ ትርጉም ያላቸው ትንንሽ የቃል ክፍሎች፣ በዚህ ረገድ የሚጫወቱትን ሚና ለብቻ የሚመረምረው ጥናት ደግሞ ሞርፎፕራግማቲክስ ይባላል።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፍ ጥቂት ልበል። ኡዝቤክኛ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብ ፊደል ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ሲሪሊክ ተሻግሮ በ1993 በወጣ ሕግ ወደ ላቲን የተመለሰ ቋንቋ ነው። ሲሪሊኩም ከአገልግሎት ጨርሶ አልወጣም። እዚህ ሁሉንም ምሳሌ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ «ቅ» ያልኩት ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ እንጂ እንደኛ የሚፈነዳ ድምፅ አይደለም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ቅጥያውን አንሡና ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አንብቡ

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል ነው። ቅጥያውን ካነሣችሁ በኋላ «በዓለም ላይ ያለው ነገር ተለወጠ ወይስ በሰዎቹ መካከል ያለው ነገር ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ኪቶብ» መጽሐፍ ነው፤ «ኪቶብቻ» ደግሞ ትንሽ መጽሐፍ፣ ቡክሌት። ቅጥያውን ስታነሡ ዕቃው ራሱ ይለወጣል። በእንግሊዝኛም «ቡክ» እና «ቡክሌት» ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። እንዲህ ያለው ቅጥያ ነገር ይሰይማል፤ ስለ ተናጋሪው ስሜት ብዙም አይነግረንም።

አሁን «አካ»ን ተመልከቱ፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። «አካጆን» ሲሆን ሰውዬው ያው ነው፤ ቁመቱም ዕድሜውም አልተለወጠም። የተለወጠው ጠሪው ወደ እሱ የቀረበበት መንገድ ነው። «ኦዪጆን» እና «ዳዳጆን» እናትንና አባትን በፍቅር መጥሪያ ናቸው። እንግሊዝኛም «ዶግ»ን «ዶጊ» ሲል ውሻው አያንስም፤ አንድ ግዙፍ ውሻ ለሕፃን ሲጠራለት «ዶጊ» ነው። ሕፃኑን የሚያናግርበት ቃና ነው የተቀየረው።

ሁለቱንም የሚሠሩ ቅጥያዎች አሉ፤ አስቸጋሪዎቹም እነሱ ናቸው። «ቂዝ» ልጃገረድ ናት፤ «ቂዝቻ» ትንሽ ልጅ፣ «ቂዛሎቅ» ደግሞ ትንሽም የምታሳሳም ልጅ ናት። «ኬሊን» ሙሽራ ወይም ምራት ስትሆን «ኬሊንቻክ» ስትባል ወጣትነቷና የተናጋሪው ርኅራኄ አብረው ይመጣሉ። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥማችሁ በማስታወሻችሁ ሁለት ዓምድ ክፈቱ፤ አንዱ ለመጠኑ፣ ሌላው ለስሜቱ ይሁን። «የማሳነሻ ቅጥያ» የሚለውን ስም ብቻ ለጥፋችሁ አትለፉ። ስሙ ግማሹን እውነት ይሸፍናል።

ደረጃ 2፦ ቅጥያው የቆመበትን ቦታ እዩ

ኡዝቤክኛ ቅጥያዎችን በየተራ የሚደረድር የቱርክ ቤተሰብ ቋንቋ ነው፤ የተራው ቅደም ተከተል ደግሞ ራሱ ይናገራል። ብዙዎች የሚያልፉት ይህን ነው።

«ኦፓ» ታላቅ እህት ናት። ብዙ ታላቅ እህቶች ያሉት ሰው መጀመሪያ የብዙ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ የባለቤትነቱን ቅጥያ አስከትሎ «ኦፓላሪም» ይላል፤ እህቶቼ ማለት ነው። ተራው ተገልብጦ የባለቤትነቱ ቅጥያ ቀድሞ «ላር» በመጨረሻ ሲመጣ «ኦፓምላር» ይሆናል፤ ያን ጊዜ እህት አንድ ልትሆን ትችላለች፣ «ላር»ም የአክብሮት ምልክት ነው። በመግቢያው ላይ ያየነው «ዳዳምላር»ም በዚሁ ተራ የቆመ ነው። «ዳዳላሪም» ቢሆን ኖሮ እውነተኛ አባቶች በሆኑ ነበር። ሁለት ምዕላዶች ቦታ ሲለዋወጡ ሒሳብ ወደ አክብሮት ይለወጣል። ከዚህ ቋንቋ ውበቶች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህኛው ነው።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። «ዳዳምላር» እንደ አውዱ «አባቴና አብረውት ያሉት» ማለትም ሊሆን ይችላል። በሰው ስም ላይ ሲገባ «ካሪምላር» እነ ካሪም ማለት ነው፤ የኛ «እነ» የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ሳታነቡ አትወስኑ። አንድ ሰው ወንበር ቀርቦለት ከተቀመጠ አክብሮት ነው፤ ብዙ ሳህን ከቀረበ እነ አባባ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ሦስቱን ሰዎች በወረቀት ላይ ጻፉ

ለእያንዳንዱ ምሳሌ ሦስት መስመር አስምሩ፦ ማን ይናገራል፣ ማን ይሰማል፣ ስለ ማን ይነገራል። ከዚያ ቅጥያው የትኞቹን ሁለቱን እንደሚያገናኝ በቀስት አመልክቱ። «ኦዪጆን» ተናጋሪን ከሰሚ ጋር ያገናኛል። «ዳዳምላር» ተናጋሪን ከሚነገርለት ሰው ጋር ያገናኛል፤ ሰውዬው ባይሰማም ይከበራል። «ዶጊ» ግን ተናጋሪን ከውሻው ሳይሆን ከሕፃኑ ጋር ነው የሚያገናኘው። ቀስቱን የተሳሳተ ቦታ ላይ ያሳረፈ ተንታኝ የቀረው ሥራው ሁሉ ይጣመምበታል።

እዚህ ላይ የሁለቱ ቋንቋዎች ትልቁ ልዩነት ይወጣል። ኡዝቤክኛ ለ«አንተ» እና ለ«አንቺ» «ሴን»፣ ለ«እርስዎ» «ሲዝ» አለው። አንድ ጎልማሳ ጎረቤቱን «ካሪምጆን፣ ኬሊንግ» ብሎ ሲጠራ «ጆን» የፍቅር ቅጥያ ነው፤ «ኬሊንግ» ደግሞ «ይምጡ» ነው። ፍቅሩና አክብሮቱ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳሉ፣ አንዱ ሌላውን አይገፋውም። በብዙ ኡዝቤክ ቤተሰቦች ዘንድ ልጆችንም «ሲዝ» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። በሴቶች ስም ላይ የሚቀጠሉት «ኾን» እና «ኦይ»ም እንዲሁ ናቸው፤ «ኖዲራኾን» ስትባል ሴትየዋ ቀርባለች፣ ከክብሯ ግን አልወረደችም።

በእንግሊዝኛ ይህ አይሳካም። «ጆን» የተባለው ሰው «ጆኒ» ሲባል ይቀርባል፤ ነገር ግን ከማዕረጉ ጥቂት ይወርዳል። «ጆኒ» እና «ሰር» በአንድ ዓረፍተ ነገር አብረው ለመቀመጥ ይቸገራሉ። የባንክ ሥራ አስኪያጅን ያልፈቀደለት ሠራተኛ በማቆላመጫ ስሙ ቢጠራው ድፍረት ነው። በእንግሊዝኛ ቅርበት የሚገኘው ማዕረግን አሳልፎ በመስጠት ነው፤ በኡዝቤክኛ ግን ሁለቱም አብረው ይሰጣሉ። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ከዚህ በኋላ የሚመጡትን ምሳሌዎች ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ወደ ኡዝቤክኛ ያደላል። «እትዬ፣ ይግቡ» ስንል «ዬ» ፍቅር ነው፣ «ይግቡ» አክብሮት ነው፤ ማናችንም ግጭት አይሰማንም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ተርጓሚ «ካሪምጆን፣ ኬሊንግ»ን በእንግሊዝኛ በኩል አዙሮ ከሚያመጣው በቀጥታ ቢያመጣው ይሻላል። በእንግሊዝኛው ድልድይ ላይ ከሁለቱ አንዱ ይወድቃል።

በዚሁ ደረጃ መሥሪያ ቤቶችንም አትርሱ። በሶቪየት ዘመን በኡዝቤኪስታን ቢሮዎች ሰውን በስሙና በአባቱ ስም ላይ የሩሲያኛውን «ኦቪች» ቀጥሎ መጥራት ሥር ሰደደ። ስለዚህ አንድን ሰው አለቃው «ካሪም ራሂሞቪች»፣ ጎረቤቱ «ካሪም አካ»፣ አክስቱ «ካሪምጆን» ሊሉት ይችላሉ። በልብ ወለድ ውስጥ ገጸ ባሕርዩ ከአንዱ መጠሪያ ወደ ሌላው ሲሻገር ግንኙነቱ ተለውጧል ማለት ነውና ገጹን ምልክት አድርጉበት።

ደረጃ 4፦ ቅጥያውን ብቻ ሳይሆን የተቀጠለበትን ቃል መዝኑ

ፍርድ የሚሰጡ ቅጥያዎች የሚባሉ አሉ፤ የሚያንቋሽሹ፣ የሚያሞግሱ። ጀማሪ አጥኚ ዝርዝር ሠርቶ «ይህ ቅጥያ አሉታዊ ነው፣ ያኛው አዎንታዊ ነው» ይላል። ዝርዝሩ ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ይፈርሳል።

ኡዝቤክኛ ከፋርስኛ የወረሰውን «ፉሩሽ» ተመልከቱ፤ ሻጭ ማለት ነው። «ጉልፉሩሽ» አበባ ሻጭ ነው፤ ነቀፋ የለበትም። «ቫታንፉሩሽ» ግን አገሩን የሸጠ፣ ከሃዲ ነው። በእንግሊዝኛ ነጋዴ ማለት የነበረው «መንገር» አቻው ነው። «ፊሽመንገር» ዓሣ ሻጭ ነው፤ ሱቁ በር ላይ ቢጻፍ የሚያሳፍር አይደለም። «ዎርመንገር» ጦርነት የሚቆሰቁስ፣ «ስኬርመንገር» ደግሞ ሽብር የሚነዛ ነው። ሁለት ዝምድና የሌላቸው ቋንቋዎች፣ በሁለት የተለያዩ መንገዶች፣ አንድ ቦታ ደረሱ፤ ሊሸጥ የሚገባውን የሚሸጥ ነጋዴ ነው፣ ሊሸጥ የማይገባውን የሚሸጥ ወንጀለኛ ነው። ኩነኔው ከቅጥያው አልመጣም፣ ከሥሩም አልመጣም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ከሚፈጠረው ነውር መጣ። በአማርኛም «ዓሣ ሻጭ» እና «አገር ሻጭ» ብላችሁ በማነጻጸር ስሜቱን ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

የ«ቫታንፉሩሽ» ተቃራኒ «ቫታንፓርቫር» ነው፤ «ፓርቫር» የሚንከባከብ፣ የሚያሳድግ ማለት ስለሆነ አገር ወዳድ ይሆናል። በዚህ ጥንድ አንድ ሥር ይዞ ቅጥያ መቀየር ሙሉውን ፍርድ ይገለብጠዋል፤ በቀደመው ጥንድ ደግሞ አንድ ቅጥያ ይዞ ሥር መቀየር ያንኑ ያደርጋል። ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አራት ማዕዘን አላውቅም፤ ሰሌዳ ላይ ሣሉት።

«ኾር» ሌላው ነው፤ መነሻው በፋርስኛ መብላት ነው። «ፖራኾር» ጉቦ በላ፣ «ሱድኾር» አራጣ አበዳሪ፣ «ቴኪንኾር» ሳይሠራ በነፃ የሚበላ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነቀፋ ነው። ነገር ግን «ሜሮስኾር» ወራሽ ማለት ነው፤ በሕግ ሰነድ ላይ የሚጻፍ ንጹሕ ቃል። «ቾይኾር» ሻይ ወዳጅ ነው፤ ሻይ የእንግዳ አቀባበል መጀመሪያ በሆነበት አገር ይህ እንደ መወደስ ሊሰማ ይችላል። «አራቅኾር» ሲሆን ግን ሰካራም ነው። «ቦዝ»ም እንዲሁ ይወዛወዛል። «ዶርቦዝ» በገመድ ላይ የሚራመድ ባለሙያ ነው፤ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያደንቀው። «ካፕታርቦዝ» ርግብ አርቢ ነው። «ቂሞርቦዝ» ቁማርተኛ ይሆናል፤ «ማጅሊስቦዝ» ስብሰባ የሚያበዛ፣ «ቡይሩቅቦዝ» ደግሞ ትእዛዝ መስጠት የሚወድ አለቃ ነው። ጨዋታና ጥበብ በሆነ ነገር ላይ ሲቀጠል ችሎታን ያሳያል፤ ቁም ነገር በሆነ ነገር ላይ ሲቀጠል ግን ሰውዬው በቁም ነገሩ እየተጫወተበት ነው የሚል ክስ ያነሣል።

በእንግሊዝኛ «ሊንግ»ን በዚሁ ሚዛን አኑሩት። «ዳክሊንግ» የዳክዬ ጫጩት፣ «ዳርሊንግ» ውዴ፣ «ዊክሊንግ» ደካማ፣ «አንደርሊንግ» የበታች። ለእንስሳና ለሚወደድ ሰው ማነስ ማማር ነው፤ ለጎልማሳ ሰው አቅም ማነስ መናቅ ነው። «ቻይልዲሽ» እና «ቻይልድላይክ»ም ሁለቱም ከ«ቻይልድ» ወጡ፤ የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሆነ ብሎ ይወቅሳል፣ ሁለተኛው የልጅ ልብ አለው ብሎ ያመሰግናል።

ደረጃ 5፦ ለማለስለስ የገባውን ለዩ

አንዳንድ ቅጥያ የሚቀጠለው ቃሉ ስለሚፈልገው ሳይሆን ልመናው ወይም አስተያየቱ ሻካራ እንዳይሆን ነው። በኡዝቤክኛ «ሮቅ» በሰዋስው መጽሐፍ የማወዳደሪያ ቅጥያ ነው። «ቤሪሮቅ ኬሊንግ» የሚል ሰው ግን ምንም እያወዳደረ አይደለም፤ «ጠጋ ይበሉ» እያለ ነው። የኛ «ጠጋ»፣ «ቆየት»፣ «ቀላ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ» የሚሠሩት ይኸንኑ ነው። ቀለምን ለማለዘብ ኡዝቤክኛ «ኦቅ»ን (ነጭ) ወደ «ኦቂሽ» (ነጣ ያለ) ይወስደዋል፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ «ኢሽ» ይቀጥላል። የሁለቱ ቅጥያዎች ድምፅ መመሳሰል አጋጣሚ ነውና ዝምድና አትፈልጉለት።

እንግሊዝኛ በ«ኢሽ» ሩቅ ሄዷል። «ሰቨኒሽ» ሲሉ ሰባት ሰዓት ገደማ ማለት ነው፤ ዋናው መልእክት ግን «ብትዘገይ አልቀየምም» የሚለው ነው። ዛሬ ቅጥያው ራሱን ችሎ ይቆማል፤ «ዝግጁ ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ኢሽ» ብሎ ብቻ ይመልሳል።

«ጊና» የሚለው የኡዝቤክኛ ቅጥያ ሰፊ ቦታ ይይዛል። «ቢታጊና» አንድ ብቻ፣ «ሆዚርጊና» ገና አሁን፣ «ያኽሺጊና» ደህና የሆነ፣ «ቦላጊናም» ደግሞ የኔ አንጀት የሚያላውስ ልጄ። መገደብ፣ ማለዘብና ማባባት በአንድ ቅጥያ ታጭቀዋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት የቃሉን ክፍል ተመልከቱ፤ በቁጥርና በጊዜ ላይ ሲሆን ይገድባል፣ በቅጽል ላይ ያለዝባል፣ በዝምድና ስም ላይ ያባባል። ደንቡ ፍጹም አይደለም፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

ልመና በኡዝቤክኛ ግስ ላይም ደረጃ ይሠራል፦ «ኬል» ና፣ «ኬሊንግ» ይምጡ፣ «ኬልሳንጊዝ» ቢመጡ። ይህ እርባታ እንጂ ምሥረታ አይደለም የሚል አንባቢ ልክ ነው፤ ነገር ግን ተናጋሪው ሁለቱን አብሮ ነው የሚጠቀምባቸው፣ ትንተናችንም ሊነጣጥላቸው አይገባም። እንግሊዝኛ የትእዛዝ ግሡን በቅጥያ ማለስለስ ስለማይችል ጥያቄ ያደርገዋል፤ «ኩድ ዩ ካም» ይላል። በዚህ ጊዜ የአንዱ ቋንቋ ቅጥያ የሌላው ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ሆነ።

ማለስለሻ ሁሌም እንደማያለሰልስ ግን ልብ በሉ። «ቴዝሮቅ!» ብሎ የሚጮኽ ሰው «ቶሎ በሉ!» ነው የሚለው። ያው «ሮቅ» እዚህ ይገፋል።

ደረጃ 6፦ ድግግሞሽ ሲያጋጥም ዕቃው የማን እንደሆነ ጠይቁ

ማጠንከሪያው ድግግሞሽ ቶሎ ይያዛል። «ኦቅ» ነጭ፣ «ኦፖቅ» ጥጥ የመሰለ ነጭ፤ «ቆራ» ጥቁር፣ «ቆፕ-ቆራ» ድቅድቅ ያለ ጥቁር፤ «ቂዚል» ቀይ፣ «ቂፕ-ቂዚል» ፍም የመሰለ ቀይ፤ «ያሺል» አረንጓዴ፣ «ያም-ያሺል» የለመለመ። የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ተደግሞ አንድ ተነባቢ ይጨመርበታል፤ ተናጋሪው መደነቁን ያሳያል። እንግሊዝኛ ሙሉውን ቃል ይደግማል፤ «ሳላድ-ሳላድ» ሲባል እንቁላል ወይም ዓሣ የተቀየጠበት ሳይሆን እውነተኛው የቅጠል ሰላጣ ማለት ነው። ኡዝቤክኛው መጠንን ይጨምራል፣ እንግሊዝኛው ወደ ቃሉ እምብርት ይመልሳል። እንግሊዞች ስሜታቸው ሲግል ቃሉን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው ሌላ ቃል ይከቱበታል፤ «አብሶሉትሊ» «አብሶ-ብለዲ-ሉትሊ» ይሆናል፣ የሚገባውም ጠንካራ ድምፅ ካረፈበት ክፍለ ቃል ፊት ነው። ኡዝቤክኛ ይህን አያውቅም።

የሚከብደው የማስተጋቢያ ድግግሞሽ ነው። «ቾይ» ሻይ ሲሆን «ቾይ-ፖይ» ሻይ ምናምን ነው፤ «ኖን-ፖን» ዳቦ ምናምን፣ «ኪቶብ-ሚቶብ» መጽሐፍ ምናምን። በእንግሊዝኛ፣ ከይዲሽ ተናጋሪ አይሁድ ስደተኞች የመጣው «ሽም» ይመስለዋል፤ «ፋንሲ-ሽማንሲ» እጅግ የተጋነነ ውበትን ማጣጣያ ነው። የእንግሊዝኛው ሁልጊዜ ያጣጥላል ማለት ይቻላል። የኡዝቤክኛውን ለመለየት የምጠቀምበት ጥያቄ «ዕቃው የማን ነው?» የሚል ነው። አስተናጋጇ በገዛ ቤቷ «ቾይ-ፖይ» ስትል የራሷን ግብዣ ነው የምታሳንሰው፤ እንግዳው እንዳይከብደው። ይህ ትሕትና ነው። አንድ ሰው የሌላውን ንባብ «ኪቶብ-ሚቶብ» ካለ ግን የሰው ነገር አሳነሰ፤ ይህ ንቀት ነው።

ደረጃ 7፦ ቃሉ ዛሬ የሚናገረውንና ትናንት የተናገረውን ለዩ

የማሳነስ ኃይል ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል። በብሪታንያ የሴቶችን የመምረጥ መብት የሚጠይቁ ሰዎች ሰፍራጂስት ይባሉ ነበር። በ1906 ዴይሊ ሜይል የተባለው የለንደን ጋዜጣ ቆራጥ ትግል የጀመሩትን ሴቶች ለማሳነስ «ሰፍራጄት» አላቸው። «ኤት» በእንግሊዝኛ ወይ ትንሽነትን፣ ወይ ሴትነትን፣ ወይ አስመሳይነትን የሚያመለክት ከፈረንሳይኛ የመጣ ቅጥያ ነው፤ «ኪችኔት» ትንሽ ማድ ቤት ነው። ሴቶቹ ስሙን አልሸሹትም። አነሡትና የራሳቸው አደረጉት፤ በ1912 ያቋቋሙትን ጋዜጣም በዚሁ ስም ጠሩት። ቅጥያው አንድ ፊደል ሳይለወጥ ስድቡ ወደ ኩራት ዞረ፤ ምክንያቱም ተናጋሪው ተለወጠ። በደረጃ 3 የሣላችሁት ቀስት እዚህ አቅጣጫውን ገለበጠ።

በ1957 ስፑትኒክ የተባለው የሶቪየት ኅብረት ሳተላይት ወደ ሕዋ ከወጣ በኋላ ደግሞ ኸርብ ኬን የተባለው የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጠኛ በ1958 ከተለመደው ወግ ያፈነገጡትን የ«ቢት ትውልድ» ወጣቶች ለመጥራት «ቢትኒክ» የሚል ቃል ፈጠረ። በሩሲያኛ «ኒክ» ተራ ቅጥያ ነው፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ግን የጠላት አገር ሽታ ነበረው፣ ወጣቶቹንም በዚያ ሽታ ቀባቸው።

በኡዝቤክኛ «ቫችቻ» ልጅ ማለት ነው። «አማኪቫችቻ» የአጎት ልጅ ነው፣ ንጹሕ የዝምድና ቃል። «ቦይቫችቻ» የባለጸጋ ልጅ ነው፤ «ቦይ» የመደብ ጠላት ስም በነበረበት የሶቪየት ዘመን ቃሉ ኩነኔ ተሸከመ። ስለዚህ ምሳሌ ስትመዘግቡ የተጻፈበትን ዓመት አጠገቡ አስፍሩ።

ደረጃ 8፦ ለተናጋሪው ትክክለኛውን ጥያቄ አቅርቡ

«ይህ ቅጥያ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የሰዋስው መጽሐፍ መልስ ታገኛላችሁ። ይልቅስ «ይህን ለአማትህ ትላታለህ? ለአለቃህስ? ለማታውቀው ልጅ? ሰው ሲጣላ ይባላል?» በሉ። መልሱ ከ«አዎ» ይልቅ በፊት ገጽታ ይመጣልና ፊታቸውንም ተመልከቱ። ከተለያየ ዕድሜና ከተለያየ ክፍለ ሀገር ሰዎችን ጠይቁ፤ የፈርጋና ሰውና የኾራዝም ሰው አንድ ዓይነት መልስ ላይሰጡ ይችላሉ።

ጽሑፍ ውስጥ ስትፈልጉ ኡዝቤክኛውን በላቲንም በሲሪሊክም ፈልጉ። በላቲኑም ከ«ኦ» እና ከ«ግ» ጎን የሚቆመው ጭረት በተለያዩ ምልክቶች ስለሚጻፍ አንዱን ብቻ የፈለገ ሰው ብዙውን ያጣል። ለእንግሊዝኛው አንድ መቶ ሚሊዮን ቃላት የያዘው የብሪታንያ ብሔራዊ የቃላት ክምችት ጥሩ መነሻ ነው። የተሰበሰበበት ዘመን ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ የቅርብ ጊዜ ፈጠራዎችን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ ቅጥያን በቅጥያ አትተርጉሙ

እስካሁን ያየነው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «ቦላጆኒም፣ ሳል ቤሪሮቅ ኬሊንግ፣ ቾይ-ፖይ ኢቺብ ኦሊንግ።» የምትናገረው አሮጊት ናት፤ የሚሰማው የጎረቤት ልጅ ነው።

መጀመሪያ ሥራዎቹን ዘርዝሩ። በ«ቦላጆኒም» ውስጥ «ጆን» ፍቅር ነው፣ «ኢም» የኔ ማለት ነው። «ሳል» ጥቂት ነው፤ ከ«ሮቅ» ጋር ሆኖ ጥሪውን ያለዝባል። «ኬሊንግ» እና «ኦሊንግ» የ«ሲዝ» ናቸው፤ ልጁን ያከብራሉ። «ቾይ-ፖይ» የአስተናጋጇ ትሕትና ነው። «ኦሊንግ» ደግሞ መውሰድ ከሚለው ግስ የመጣ ረዳት ሲሆን ድርጊቱን ለልጁ ጥቅም ያደርገዋል፤ «ለራስህ ጠጣ» እንደማለት።

በእንግሊዝኛ «ካም ኤ ቢት ክሎዘር፣ ዲር፣ ኤንድ ሃቭ ሰም ቲ» ይበቃል። ፍቅሩ ወደ «ዲር»፣ ማለዘቡ ወደ «ኤ ቢት»፣ ትሕትናው ወደ «ሰም» ይሻገራል። «ሲዝ» ይቀራል። ለልጅ «ሰር» ብትሉበት ቀልድ ይሆናልና መቅረቱን ተቀበሉ፤ ከቻላችሁ አክብሮቱን በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ አሮጊቷ ለልጁ ቦታ ስትለቅ በሚያሳይ ዓረፍተ ነገር አካክሱት።

በአማርኛ ደግሞ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ጠጋ በል፤ ሻይ ምናምን ጠጣልኝ» እላለሁ። «ጠጋ» የ«ሮቅ»ን፣ «ምናምን» የ«ፖይ»ን ሥራ ያለ ችግር ይወስዳሉ። ትንሽ ልጅን «ይጠጡ» ማለት በአማርኛ ስለሚያስገርም አንቱታውን ትቼዋለሁ። የመጨረሻው ግስ ግን አቅጣጫውን ለውጧል፤ የኡዝቤኳ አሮጊት መጠጣቱን ለልጁ ጥቅም ታደርገዋለች፣ የኛ አስተናጋጅ ግን «ልኝ» ብላ ለራሷ የተደረገ ውለታ ታደርገዋለች። ሁለቱም ለእንግዳ ይሳሳሉ፤ ስስቱ የሚገባበት በር ግን ለየቅል ስለሆነ «ለራስህ ጠጣ» ብሎ ቃል በቃል መጻፍ በአማርኛ ጆሮ ልጁን እንደመግፋት ይሰማል። ሰሚው ጎልማሳ እንግዳ ከሆነ «የኔ ልጅ»ን አውጡና «እስቲ ጠጋ ይበሉ፤ ሻይ ምናምን ይጠጡልኝ» በሉት፤ በእንግሊዝኛው የጠፋው «ሲዝ» በአማርኛው ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።